ስለ ቅዱሳት ሥዕሎቻችን አጠባበቅ
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል)



በዛሬው የደስታችን ቀን ስለ ቅዱሳት ሥዕሎቻችን ጥቂት ቃል እናገር ዘንድ ፈቀድሁ። ይህ የሸዋ ደጋ ለሥዕል ክብር እንግዳ አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ሲያዝዙ፥ ለሥዕሏም ክብር ሥርዓት ሠርተዋል። በዘመናቸው የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥራው ላይ ስሙ ስለ ተጻፈ፥ እነሆ ከ500 ዓመት በኋላ እናውቀዋለን።

ከመንዝ በስተ ሰሜን፥ በወሎ ምድር ባለችው በመቅደላ ግን፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለው የጌታ ሥዕል በእንግሊዞች እጅ ከአገሩ ወጣ። ያ ሥዕል ስመ ጥር ስለ ነበረ ጠያቂ አላጣም። የአንዲት የገጠር ደብር ሥዕል ብትጠፋ ግን የኛ ናት ብለን በምን እናስረዳለን?

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ አባቶቻችን እንጨት ጠርበው፥ ነጭ ልስን አልብሰው፥ በጾምና በጸሎት የሣሉትን እያንዳንዱን ሥዕል በመዝገብ እንጻፍ፤ መልኩን፥ ልኩን፥ የሰጠውንም ሰው ስም። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ጧፉን ከሥዕሉ እናርቅ፤ በእርጥብ ጨርቅ አንወልውለው፤ የደበዘዘውንም በአዲስ ቀለም አንሸፍነው።

በሚመጣው ኢዮቤልዩ ልጆቻችን በዚሁ ሥዕል ፊት ቆመው ለመጸለይ ያብቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።