ከልምምድ በኋላ ማን ያምጣት?
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ሰብሳቢያችን የዘንድሮውን የመኪና ተራ ሪፖርት እንዳቀርብ አዛኛለች። ሪፖርቱ አጭር ነው፤ የቤንዚን ደረሰኞቹ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ስለሆኑ ማየት የሚፈልግ ማየት ይችላል። እኔ መኪናው ለምን እንደተነዳ ብናገር ይሻላል። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «የማኅበር ገንዘብ ለኳስ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰዓት አልቆ ሳይመለስ ተበተንን። ዛሬ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ለማታውቁት ወቅቱን ላስረዳ። እዚህ ሜሪላንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ልምምድ የሚጀመረው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የመምረጫ ናቸው። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ኮቿ ትጽፋለች፣ ከዚያ የተመረጡት ይታወቃሉ። ያልተመረጠች ልጅ ያለችበት ቤት ያን ዕለት ማታ እራት አይበላም፤ ያያችሁት ታውቁታላችሁ። የበረቱት «ቫርሲቲ» ይገባሉ፣ ታናናሾቹ «ጄቪ»። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ይጀመራል፤ ባብዛኛው ማክሰኞና ዓርብ፣ አንዴ በራሳቸው ጂም፣ አንዴ በሰው ጂም። በቀሩት ቀናት ልምምድ ነው። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ እንዲህ ይቀጥላል። ጨዋታው አራት ሩብ ነው፣ እያንዳንዱ 8 ደቂቃ። አምስት ፋውል የሠራች ትወጣለች። የሴቶቹ ኳስ ከወንዶቹ ትንሽ ታንሳለች፤ ቀለበቱ ግን ያው ነው፣ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም።

ዘንድሮ ከእኛ አባላት ልጆች ሦስቱ በአንድ ትምህርት ቤት ቫርሲቲ ገቡ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ልጆቹ እንዳፈርጥባቸው አይፈልጉም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ጂሙ አንድ ነው፤ ወንዶቹም ሴቶቹም ይፈልጉታል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሴቶቹ ቀድመው ይለማመዳሉ፣ በሌላው ሳምንት ወንዶቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። ልምምድ ሲያልቅ መደበኛው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል። ዲሴምበር ውስጥ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ልጅቷ ላብ ነክሯት፣ ፀጉሯ ርሶ፣ ብርድ ውስጥ ቆማ መኪና ትጠብቃለች። እናቷስ የት ናት? እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን «ከሦስት እስከ አሥራ አንድ» የምንሠራው? በነርሲንግ ሆሙ፣ በሆቴሉ፣ በፓርኪንጉ፣ በኤርፖርቱ። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት እኛ ካርድ የምንመታበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሴት ልጆቻችን ከቡድን የሚወጡት መጫወት ስላቃታቸው አይደለም። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ስለሚፈለጉ ነው።

አንዷን ልንገራችሁ። እናቷ እዚሁ ተቀምጣለች፣ እንድናገርም ፈቅዳልኛለች። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ቁመት የላትም፤ ነገር ግን ኳስ ይዛ የምትመጣ ልጅ ፊት ከቆመች እንደ እሾህ ትይዛለች። ኮቿ የሌላውን ቡድን ጎበዝ ተጫዋች እንድትይዝላት የምትልከው እሷን ነበር። ጃንዩዋሪ ላይ የእናቷ ፈረቃ ወደ ማታ ተቀየረ። ትንሹ ወንድሟ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርት በኋላ ከሚውልበት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተወሰደ በደቂቃ ያስከፍላሉ። ማን ይውሰደው? መልሱ ለማንም ጥያቄ አልነበረም። እሷ ትውሰደው! ልጅቷ ማሊያዋን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ለኮቿ ልትመልስ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ነበር።

ልብ አድርጉልኝ፣ እዚያው ቤት ውስጥ መኪና የሚነዳ ታላቅ ወንድም አለ። እሱም ክለብ ውስጥ እግር ኳስ ይጫወታል። እናትየው እንዲህ አለችኝ፤ «እሱን ተው ማለት ትዝም አላለኝ። እሷን ግን ሳልጠይቃት ራሷ ማሊያውን አጣጠፈች።» ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የእኔም ቤት፣ የአንቺም ቤት ያው ነው። ሴቷ ሳትጠየቅ ታጣጥፋለች።

ማኅበሩ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በስልክ ቡድናችን ላይ ጉዳዩ ተነሣና በሁለት ቀን ውስጥ ስምንት ሴቶች ተመዘገቡ። ሁለቱ ልጆቻቸው አድገው ኮሌጅ የገቡ ናቸው፤ አንዷ ጡረታ የወጡ እናታችን ናቸው፣ ሐሙስን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ሥራው ሁለት ነው፤ አንዷ ትንሹን ልጅ ትወስዳለች፣ ሌላዋ ልጃገረዶቹን ከጂም ትሰበስባለች። ትንሹን ለመውሰድ ስማችን በፈቃድ ቅጹ ላይ መጻፍና መታወቂያ ማሳየት ነበረብን። የመጀመሪያው ቀን መታወቂያዋን ቤት የረሳች ነበረች፤ ልጁ እየጮኸ ስሟን ቢጠራም አልሰጧትም። ደግ አደረጉ።

ሕጎች አወጣን። የሰው ልጅ ጭኖ ስልክ ማውራት የለም። የመጨረሻዋ ልጅ መኪና ውስጥ ሳትገባ ማንም ከፓርኪንግ አይነሣም፣ የእኛ ባትሆንም። ይህን ሁለተኛውን ሕግ ያመጡት የሐሙሷ እናታችን ናቸው። አንድ ቀን ከኤል ሳልቫዶር ቤተሰብ የሆነች የቡድናቸው ልጅ ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ እሳቸው በማያውቁት እስፓኒሽ ከልጅቷ አያት ጋር በስልክ ተግባብተው አደረሷት። በማግስቱ ለእሳቸው አንድ ሳሕን ሙሉ ፑፑሳ መጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ተራው ውስጥ ያቺ አያትም አሉ። በረዶ ሲጥል ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ጨዋታ ይተላለፋል፣ ሠንጠረዡም ይመሰቃቀላል። እንዲህ ያሉ ቀናት ብዙ ነበሩ፤ በዝርዝር አላሰለቻችሁም።

ልጅቷ ማሊያውን አልመለሰችም። ወቅቱን ጨረሰች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከሦስቱ ልጆቻችን አንዷ ግን ዲሴምበር ላይ፣ ተራው ከመቋቋሙ በፊት፣ ወጥታለች። እሷም ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለ። ጃንዩዋሪ ላይ «አሁን መኪና አለ» ስንላት ቦታዋ ተይዞ ነበር። ጨዋታ ለማየት እንኳ አልመጣችም። በአንድ ወር ቀድመን ብንጀምር ኖሮ ሌላ ነበር።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። «ገንዘቡ ለኳስ ከሚውል ለትምህርት ለምን አይውልም?» ነው ያሉት። በሞንጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ ለመጫወት አማካይ ውጤቷ ከ2.0 በታች መሆን የለበትም፣ ከአንድ በላይ ኮርስም መውደቅ አትችልም። ስለዚህ ኳሱ ራሱ ደብተር ያስገልጣል። ከጨዋታ መልስ አውቶቡስ ውስጥ በስልክ መብራት ሒሳብ የሚሠሩ ልጆች አይቻለሁ። ሆኖም ኳስ ለትምህርት ስለሚጠቅም ብቻ ነው የምንደግፈው አልልም። ወንዶቹ ሲጫወቱ ማንም «ለምን ይጠቅማል?» ብሎ አይጠይቅም።

ደግሞ በስኮላርሺፕ የሚያጽናኑን ሰዎች አሉ። እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ሁለተኛ ደረጃ ቅርጫት ኳስ ከሚጫወቱ ሴቶች በኮሌጆች ማኅበር በኤንሲኤኤ ውስጥ ለመጫወት የሚደርሱት ከመቶ አራት ገደማ ናቸው፤ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት በመጀመሪያው ምድብ ደግሞ ከመቶ አንድ ትንሽ ቢበልጡ ነው። ልጄ በኳስ ኮሌጅ ትገባለች ብሎ ቤንዚን የሚያቃጥል ሰው ባይጀምር ይሻለዋል። ልጅቷ ላይም ሸክም ነው።

ጂሙ ለሴቶቹ ተራ የሚሰጠው በማን ቸርነት ነው ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጨዋታው የተፈጠረው በፈረንጆች ዲሴምበር 1891 በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ነው፤ ጄምስ ኔስሚዝ የኮክ ፍሬ ቅርጫት ሰቅሎ ጀመረው። በዓመቱ ሴንዳ ቤረንሰን የምትባል መምህርት እዚያው ማሳቹሴትስ በስሚዝ ኮሌጅ ለሴቶች አስተማረችው። ግን ሜዳውን ለሦስት ከፍላ ማንም ከክፍሏ እንዳትወጣ አደረገች። ሴት ብዙ ከሮጠች ትጎዳለች ተብሎ ይታመን ነበርና። ይህ አስተሳሰብ ቶሎ አልሞተም። አይዋ ውስጥ ስድስት ለስድስት የሚባለው የሴቶች ጨዋታ፣ ሦስቱ ተከላካይ ሦስቱ አጥቂ ሆነው የመካከሉን መስመር ሳያልፉ የሚጫወቱት፣ እስከ 1993 ቆይቷል። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ተወልደናል።

በ1972 ጁን 23 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙበት ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ መጣ። ዋናው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ነው። ስፖርት የሚል ቃል የለበትም። የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ፕሮግራም ማንም በጾታው ምክንያት አይገለል፣ አድልዎም አይፈጸምበት ይላል፤ በቃ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በነበረው የትምህርት ዓመት በአገሩ ሁሉ በሁለተኛ ደረጃ የሚወዳደሩ ሴቶች 300 ሺህ አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ ማታ ልጅቷን ቤት ማድረስ ግን ለቤተሰብ የተተወ ነው። ያ ደግሞ መኪና፣ ሰውና ጊዜ ላለው ቤት ይቀላል።

ስለ ጾሙ ሳልናገር አልወርድም፤ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 16 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ በሁለተኛው ቀን ተከተለ። ሁለቱም ከማጣሪያው ጨዋታ ጋር ተገናኙ። በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቡድን ሁሉ፣ ያሸነፈም የተሸነፈም፣ ወደ ማጣሪያ ስለሚገባ የእኛዎቹም ገቡ። ከሁለቱ ልጆቻችን አንዷ ክርስቲያን አንዷ ሙስሊም ናቸው። የጨዋታው ቀን አንደኛዋ የምስር ሳምቡሳ ይዛ ሄደች፣ ሁለተኛዋ ቴምር። ጨዋታው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ደግሞ አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ኮቿ አፍጥር እስኪሆን ድረስ የማሟሟቂያውን ሰዓት ገፋችላቸው። ማንም አልጠየቃትም፤ ቀኑን ከቡድኑ አጣርታ ደርሳበት ነበር። ልጃገረዶቹ ሁሉ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አብረው ሳምቡሳና ቴምር በሉ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ2017 በዚሁ በካውንቲያችን የምትማር ልጅ፣ ወቅቱን ሙሉ በሒጃብ ስትጫወት ከርማ፣ በክልሉ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ አልቀረበም ተብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዓመታት በኋላ ብሔራዊ ደንቡ ተለውጦ ፈቃድ መጠየቅ ቀረ። የእኛዋ ልጅ ያንን ታሪክ አታውቀውም፤ ሻሿን አጥብቃ አስራ ትገባለች፣ ያ ብቻ ነው።

ጨዋታውን ተሸነፉ። በብዙ ነጥብ ነው የተሸነፉት፤ ወቅቱን ሁሉ ካሸነፉት የተሸነፉት ይበልጣል። ያቺ አጭሯ ልጅ በሦስተኛው ሩብ አምስተኛ ፋውሏን ሠርታ ወጣች። ከወንበር ሆና እስከ መጨረሻው ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። እናቷ ያን ቀን ፈረቃ ቀይራ መጥታ ነበር፤ ልጇን ስትጫወት ያየችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ወደ እኔ ዞር ብላ «ይህ ሁሉ ጩኸት እሷ ውስጥ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ልጅ ናት።

ለለጋሾቻችን አንድ ቃል። የሰጣችሁት ገንዘብ ለቤንዚን፣ ለሁለት ጥንድ ጫማና ለትንሹ ልጅ የዘገየንባቸው ሁለት ቀናት ቅጣት ውሏል። ስለ ጫማው «ውድ ነው» ያላችሁን ሰምቻለሁ። ሴት ልጆች ከወንዶች ይልቅ የጉልበት ጅማት መበጠስ ያሰጋቸዋል፤ ከጨዋታ በፊት የሚሠራው ማሟሟቂያ ይከላከላል፣ አሮጌ ጫማ ግን አያግዝም። በዚህ ላይ አልከራከርም።

ጉባኤውን የምጠይቀው ይህን ነው። ተራው በመጪው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ከመምረጫው ሳምንት ጀምሮ ይቁም፤ ጃንዩዋሪን አንጠብቅ። ለቅርጫት ኳስ ብቻም አይሁን፤ ለመረብ ኳስም፣ ለሩጫም፣ ለክርክር ክበብም፣ ማምሸት ላለባት ልጅ ሁሉ። የታላላቅ ወንድሞችም ስም ሠንጠረዡ ላይ ይግባ፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ወንድ ልጅ ያላችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ፣ ቡናው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰኞና ረቡዕ ሞልተዋል። የሐሙሷ እናታችን ዘንድሮ አገር ቤት ስለሚሄዱ ቀናቸው ክፍት ነው።