ለሀገር ጎብኚ የምናቀርበው ማዕድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጂኦግራፊ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው ርእስ ስለ ምግብ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ምግብ ይበላል እንጂ ንግግር ይደረግበታልን?» ትሉ ይሆናል። እኛ ግን አርባ ምንጭንና የጋሞን ደጋ ለሚጎበኝ መንገደኛ የምናቀርበው ማዕድ የዕውቀት፥ የኑሮና የክብር ጉዳይ መሆኑን ልናስረዳ እንወዳለን።

ሰው ከሀገር ወደ ሀገር የሚዘዋወርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፥ አንዱ ለትምህርት፥ አንዱም ያላየውን ለማየት ይጓዛል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሀገራችንን «የ13 ወር ፀሐይ» በሚል ስም ለዓለም አስተዋውቀዋል። ፀሐዩን ለማየት የመጣ ሰው ግን ቀትር ሲሆን ይርበዋል። ያን ጊዜ ምን ይቀርብለታል? ይህ ነው ጥያቄያችን።

ወደ እኛ አካባቢ የሚመጣ ጎብኚ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች፥ የነጭ ሳርን ብሔራዊ ፓርክና «የአዞ ገበያ» የሚባለውን የሐይቅ ዳር ያያል። በዶርዜም ከቀርከሃ የተሠራውን ረዥም ቤትና የሸማኔዎችን ሥራ ያደንቃል። ነገር ግን ዓይን የሚያየው ሁሉ በፎቶግራፍም ይታያል። የትኩስ ቆጮ ሽታና የዳጣ ማቃጠል ግን በፎቶግራፍ አይላክም፤ ሰው ራሱ መጥቶ መቅመስ አለበት። ስለዚህ ምግብ ራሱ ለጉዞ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የአካባቢያችን ሀብት በዚህ ረገድ ቀላል አይደለም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፥ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጨንቻ ግን 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ አጭር ቢሆንም ማዕዱ ፈጽሞ ይለወጣል። በቆላው የጫሞ ዓሣ ጥብስና ጉላሽ፥ ሙዝና ማንጎ፥ እንዲሁም ተድበልብሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀል የበቆሎ ምግብ አለ። ወደ ደጋው ሲወጣ ገብስ፥ ድንችና ከሁሉም በላይ እንሰት ይገኛል። በዶርዜ መንደሮች ጎብኚው በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርብለታል። አረቄም ይቀርባል፤ እርሱ ግን ለተማሪ የሚነገር ጉዳይ ስላልሆነ እናልፈዋለን።

አሁን ስለ እንሰት ጥቂት እናብራራ። እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። በሀገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይመገበዋል ይባላል። ተክሉ ለመድረስ እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ከደረሰ በኋላ ሴቶች ተባብረው ግንዱን በሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ከተጨመቀው ውሃ በታች የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል። የተፋቀው ደግሞ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከዚያም ተጨምቆ፥ ተከትፎ፥ ቃጫው ተለቅሞ በምጣድ ይጋገራል። ቃጫውም ቢሆን አይጣልም፤ ገመድ ይሆናል።

እንግዲህ ጎብኚው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰው አንድ ቁራሽ ቆጮ የብዙ ዓመት ጥበቃና የብዙ እጅ ድካም ያለበት ነው። ይህን ካልነገርነው የበላው ምግብ ኮምጠጥ ያለ ቂጣ ብቻ ሆኖ ይቀርበታል። ከነገርነው ግን ስለ ሕዝባችን ትልቅ ትምህርት ይዞ ይመለሳል።

አንዳንድ ሰዎች «እንግዳ ያልለመደውን አይወድም፤ ስለዚህ ማካሮኒ ቢሰጠው ይሻላል» ይላሉ። በእርግጥ ለደከመው መንገደኛ የለመደውን መስጠት ነውር አይደለም። ነገር ግን ማካሮኒ በሀገሩም ሞልቶለታል። የራሳችንን ምግብ ከምግብ ዝርዝር ላይ የምናስቀረው እንግዳውን ስላከበርን ሳይሆን ራሳችንን ስለናቅን እንደሆነ ልናስብበት ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ልናሳስብ እንወዳለን።

አንደኛ፤ ምግቡ ሲቀርብ ንጹሕና የተብራራ ይሁን። ውሃው የተጣራ፥ እጅና ዕቃ የታጠበ፥ ዓሣውም ትኩስ መሆን አለበት። ዳጣው እንደሚያቃጥል፥ በጾም ቀንም ምን እንደሚበላ ለእንግዳው አስቀድሞ ይነገረው።

ሁለተኛ፤ ዋጋው ወደ ሠሪዋ እጅ ይድረስ። እንሰት የምትፍቀው፥ የምትቀብረውና የምትጋግረው እናት ናት። ገንዘቡ በመኪናና በአስጎብኚ ዘንድ ቀርቶ ለእርሷ ምስጋና ብቻ የሚደርሳት ከሆነ፥ ይህ እንግዳ መቀበል ሳይሆን በሰው ድካም መነገድ ነው። የባለሙያዋ ድርሻ ከጉብኝቱ በፊት በግልጥ ይታወቅ።

ሦስተኛ፤ የምግቡ ምንጭ ይጠበቅ። በጫሞ ሐይቅ ዐይነ ጠባብ በሆነ መረብ ትንንሹ ዓሣ ሳይቀር ስለሚጠመድ ሀብቱ እየተመናመነ ሄዷል። እንሰትንም የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ አለ። ስለዚህ በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ ገልጠዋል፤ እስከ ዛሬም ፍቱን መድኃኒት አልተገኘለትም። የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ጤናማውን ስለሚበክል ቢላዋውን በእሳት ማጽዳትና የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድ ያስፈልጋል። ይህን ቀላል ነገር ከትምህርት ቤት ወደ ጓሮ ማድረስ የእኛ የተማሪዎች ግዴታ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን! በመካከላችን ቆጮን የሚወድ ብዙ ነው፤ እንሰት መፋቅ የሚችል ግን ጥቂት ነው። ወንዶቹ «የሴት ሥራ ነው» ብለን፥ ሴቶቹም «ተምረናል» ብለን ከጓሮው ርቀናል። የእናቶቻችን ሙያ በመጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ አልተቀመጠም፤ ያለው በእጃቸው ነው። እጁ ሲያርፍ ሙያውም አብሮ ያርፋል። ያን ጊዜ ጎብኚው ቢመጣ ቤቱን ያያል እንጂ ምድጃው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ክበባችን በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዱ አባል፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ ከእናቱ ወይም ከአያቱ አንድ ምግብ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተምሮ በእጁ እንዲሠራና በደብተሩ እንዲጽፍ ወስኗል። ወላጆቻችንም ስንጠይቃችሁ «ሂዱ፥ ትምህርታችሁን አጥኑ» ብላችሁ እንዳትመልሱን በትሕትና እንለምናለን፤ ይህም ትምህርት ነውና።