ስለ ተዋናይት አስናቀች ወርቁና ስለ ሴት ልጅ ጨዋታ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ኪነ ጥበብና ወጣቱ» የሚል ነበር። ርእሱ ከእኛ ዐቅም በላይ ሰፊ ስለሆነ አጥብበነዋል፤ የምንናገረውም ስለ አንዲት ሴት ነው። እርሳቸውም ተዋናይትና ክራር ደርዳሪ የነበሩት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው።

አስቀድሞ ግን ከእርሳቸው በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገራችን በዘመናዊ መልክ የተጻፈው የመጀመሪያው ቴአትር አስቂኝ ነበረ፤ ይኸውም የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። በእንስሳት አንደበት ሹማምንትን ስለ ነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። እንግዲህ ሳቅ ከጅምሩ የሚፈራ ነገር ነበረ ማለት ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ቴአትር እንደገና ሲያንሰራራ ደግሞ ሌላ ችግር ተገኘ። በጽሑፉ ውስጥ እናት፣ ሙሽራና ሚስት አሉ፤ እነርሱን ሆና የምትጫወት ሴት ግን የለችም። ስለዚህ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ይጫወቱ ነበር። ከእነዚህም አንዱ፣ ኋላ በቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለሕፃናት ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው። ከእናንተ ከወላጆቻችን መካከል በእርሳቸው ተረት ያላደገ ጥቂት ይመስለናል።

ወይዘሮ አስናቀች ወደ መድረክ የወጡት በ1945 ዓ. ም. ገደማ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ቴአትር ነው። ብዙዎች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተዋናይት ይሏቸዋል። በ1948 ዓ. ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለብዙ ዓመታት የሥራ ቤታቸው ሆነ። በዚያ ዘመን በሕዝብ ፊት የምትጫወት ሴት «አዝማሪ» ተብላ ትሰደብ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁታል። እርሳቸው ግን መድረኩን አልለቀቁም፤ እንዲያውም በቴአትሩ ላይ ክራሩን ጨመሩበት።

እኛን ከሁሉ የሚያስደንቀን ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር ያደርጉት የነበረው የግጥም ሙግት ነው። አንዱ በግጥም ይወጋል፤ ሌላው ሳይውል ሳያድር፣ እዚያው ዜማው ሳይቋረጥ፣ ይመልሳል። እንዲህ ያለው ሰው ምላስ ብቻ ሳይሆን ጆሮም ያስፈልገዋል፤ የባላንጣውን ቃል አድምጦ፣ ሕዝቡ ስቆ ሳይጨርስ መልሱን ማዘጋጀት አለበትና። ዛሬ ስታንድ አፕ ኮሜዲ የሚባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ በንግግሩ ሕዝብ የሚያስቅበት ጥበብ፣ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። በአሜሪካ አባቷ ኤርትራዊ የሆነው ቲፋኒ ሃዲሽ በልጅነቷ ችግር ስታበዛ ወይ የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ወይ የቀልድ ሥልጠና እንድትገባ ተሰጥቷት ቀልዱን መረጠች፤ በ2013 ዓ. ም. በቀልድ አልበሟ የግራሚን ሽልማት ተቀበለች። በእኛ አገር ግን የቀልድ ካሴት ባለቤቶችን ስም ስንቆጥር፣ ደረጀና ሀብቴ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ ክበበው ገዳ እያልን የምንቆጥረው ወንዶችን ነው።

ምክንያቱ ሴቶች ቃል ስለሚያጥራቸው ነውን? በጎጃም ተወልዶ እንዲህ የሚል ሰው ሊኖር አይገባውም። ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም የቅኔ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተምረዋል። ደግሞም በየለቅሶው የምትቆመውን አልቃሽ እንመልከት። ከማቻከልም ይሁን ከአዋበል፣ ከደጀንም ይሁን ከቢቸና ትምጣ፣ አንድም ወረቀት ሳትይዝ በሰው ፊት ቆማ የሟቹን ሙያና ዘር በግጥም ታወርዳለች። አልፎ አልፎም በሕይወቱ ያልጠየቀውን፣ ሲሞት ግን ከሁሉ በላይ የሚጮኸውን ዘመድ ነካ ታደርገዋለች፤ ያን ጊዜ ሰው በነጠላው ጫፍ አፉን ይሸፍናል። ይህች ሴት በሠፈሯ የተከበረች ናት። ያንኑ ምላሷን ይዛ ለሳቅ ብትቆም ግን ጥርሷን የማትከድን፣ ያልተቀጣች ትባላለች። ለእንባ የተፈቀደ አንደበት ለሳቅ የሚከለከልበትን ሕግ ማን እንደ ጻፈው ብንጠይቅ የሚነግረን አላገኘንም። የኤርትራን ባሕር በተሻገሩ ጊዜ የአሮን እኅት ማርያም ከበሮዋን ይዛ ሴቶቹን መርታለች፤ ያን ዕለት «ይህች የማን ልጅ ናት?» ብሎ ያጉረመረመ ሰው በኦሪት አልተጻፈም።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮ የቴአትር ክበባችን ባሳየው ጨዋታ እናቲቱን ሆኖ የተጫወተው ወንድ ጓደኛችን ነው። በደንብ ተጫውቷል፤ ሻሹ ሁለት ጊዜ ሲወድቅበት ሁላችንም ስቀናል። ነገር ግን ያን ክፍል በልምምድ ጊዜ ከእርሱ አብልጠው የተናገሩት ሁለት እኅቶቻችን ነበሩ። አንዷ «አባቴ ይሰማል» ብላ ተወችው፤ ሁለተኛዋ ምክንያቷን ሳትነግረን ቀረች። አባባ ተስፋዬ ቀሚስ የለበሱት ሴት ተዋናይ ባልነበረችበት ዘመን ነው። የእኛ ጓደኛ የለበሰው ግን ሴቶቹ አጠገቡ ተቀምጠው ሳሉ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ. ም. ዐርፈዋል። የክራራቸውን ድምፅ መስማት የሚሻ ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ሸክላ በ16ኛው ቅጽ ያገኘዋል።

እኛ ፈተናችንን ወስደን በቅርቡ እንለያያለን። ክበቡ ለሚመጣው ዓመት ያሰበው ቴአትር ተጽፎ አልቋል፤ ክፍሎቹም ከአንዱ በቀር ተመድበዋል። የእናቲቱን ክፍል ለማንም አልሰጠንም። ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወላጆችም ከፈለጋችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ሦስት ገጽ ተኩል ነው፤ አብዛኛውም የሚያስቅ ነው።