«እንዳየህ አድርገው» ያልኩበት ቀን
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በአንዲት አባል የተደረገ ንግግር)

ባለፈው ወር «መኪናሽ የት ጠፋ?» ስትሉኝ «ጋራዥ ነው» ብዬ አልፌ ነበር። ዛሬ ሙሉውን ልናገር፤ የማኅበራችን ብድርም አለበትና።

እንጀራ ለምግብ ቤቶች የማደርሰው በአሮጌ ሚኒባስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጣ። ያኔውኑ ማቆም ነበረብኝ። ደንበኞቼ እንዳይቀየሙ ብዬ ውኃ እየጨመርኩ ሁለት ቀን ነዳሁት። ከዚያ ዘይቱ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ማኪያቶ መሰለ። መካኒኩ አይቶ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ይላጫል፤ 18,000 ብር ይበቃል» አለኝ። ለጤፍ መግዣ ከተበደርኩት ላይ 10,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ደወለ። «እትዬ፣ የውኃ ፓምፑ ያፈሳል፣ ራዲያተሩም ተደፍኗል፤ ምን ላድርግ?» እኔ ምጣድ ላይ ነኝ፣ ጭሱ ዓይኔን ይዞታል። «እንዳየህ አድርገው» አልኩት።

ልወስድ ስሄድ ሒሳቡ 41,000 ብር ሆኗል። ጮህኩ። እሱም ቁልፉን ኪሱ ከተተና «ካልተከፈለ አይወጣም» አለ። መኪናው ዘጠኝ ቀን ቆመ። እንጀራውን በባጃጅ ኮንትራት ሳመላልስ ትርፌ ለመጓጓዣ አለቀ፤ አንዱ ምግብ ቤትም ሌላ አቅራቢ ያዘ። መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ ሰነበትኩ።

በኋላ ሁለታችንም የምናከብራቸውን አንድ የጋራዥ ባለቤት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ለመንኩ። መጡና መጀመሪያ የጠየቁት «የተቀየረው አሮጌ እቃ የታለ?» ብለው ነው። ፓምፑ ወጣ፣ ጓርኒሲዮኑ ወጣ። አሮጌ ራዲያተር ግን የለም። ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ ያው የኔው ራዲያተር ታጥቦ ቀለም ተቀብቷል! ሒሳቡ ላይ ግን «አዲስ፣ 13,000 ብር» ተብሏል። መካኒኩ «ረዳቴ ተሳስቶ ነው የጻፈው» አለ። እንግዲህ እሱ ያውቃል።

ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ በስልክ ምን አልሽው?» ነገርኳቸው። «እንግዲያማ የፓምፑን ትከፍያለሽ» አሉ። ያን ቀን ከፋኝ፤ ዛሬ ሳስበው እውነታቸውን ነው። ለራዲያተሩ ማጠቢያ 1,000 ብር ብቻ ተይዞ ጠቅላላው 29,000 ብር ሆነ። ያን ዕለት 9,000 ከፈልኩ፣ ቀሪውን 10,000 በወሩ።

አሁንም እዚያው ጋራዥ ነው የምሄደው። ሞተሩን ያውቀዋላ! ግን ደብተር ይዤ ነው። የሚሠራውን ከነዋጋው እንጽፋለን፣ «ከዚህ በላይ ከሆነ ሳልፈቅድ አይሠራም» ብለን ሁለታችንም እንፈርማለን። መለዋወጫ ሶማሌ ተራ አብሬው ወርጄ በደረሰኝ እገዛለሁ፤ አሮጌው እቃ ለኔ ይመለሳል። ቀሪውን ሒሳብ በባንክ የማስገባለት መኪናውን ዳገት ካወጣሁት በኋላ ነው፤ የሙቀት ችግር ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ላይታይ ይችላልና። መጀመሪያ ሲፈርም ሳቀብኝ። አሁን ሥራ አሠርተው ሳይከፍሉ የሚጠፉበትን ደንበኞች እሱ ራሱ ያስፈርማል አሉ።

ከብድሩ ሁለት ወር ይቀረኛል። የውሉን ወረቀት ኮፒ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ፤ ጋራዥ የምትሄድ ትጠይቃት።