የሁለት ዓይኖች አለመመጣጠንና የሐኪም ምክር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ በሙያው ምክንያት የተዛነፈ ነገር ቶሎ ያያል። ዘመም ያለ ምሰሶ፣ ውሃ ልኩን ያልጠበቀ ወለል፣ አንድ ወገኑ ዝቅ ያለ የመስኮት ጉበን ሌላው ሰው ሳያስተውለው እርሱ ያስተውለዋል። ይኸው ልማድ ጠዋት ጺሙን ሲላጭ ወደ ራሱ ፊት በዞረ ጊዜ ግን አንዳንዱን ያለ ምክንያት ያስደነግጠዋል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት ደግሞ የባሰ ነው፤ ይኸውም ሊያሳስብ የሚገባውን ለውጥ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ብሎ ማለፍ ነው።

የሰው ፊት በማስመሪያና በኮምፓስ የተነደፈ አይደለም። በጤነኛ ሰው የላይኛው የዓይን ቆብ የኮርኒያን የላይ ጠርዝ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ በግራና በቀኝ መካከል ጥቂት ልዩነት ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ቢል ከሥሩ ያለው ዓይን ሰፊ መስሎ ይታያል። ከዚህም ሌላ ሰው ፊቱን የለመደው በመስተዋት፣ ማለት ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ስለሆነ፣ ፎቶግራፉን ሲያይ የቆየው አለመመጣጠን አዲስ ይመስለዋል። በእጅ ስልክ ከቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ ደግሞ ለመነጽሩ የቀረበውን ወገን ስለሚያተልቅ እንደ መለኪያ ሊያዝ አይገባውም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «እኩል ናቸው ወይ?» ሳይሆን «ተለውጠዋል ወይ?» የሚል ነው። በግድግዳ ላይ ስንጥቅ ያየ መሐንዲስ በስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፎ ቀኑን ይጽፍበታል፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ሕንፃው ገና እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያውቃል። ለፊትም እንዲህ ያለ ምልክት አለ፤ እርሱም የቆየ ፎቶግራፍ ነው። የመታወቂያ ወረቀት፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የምረቃ ዕለት የተነሡት ሥዕል በተርታ ቢቀመጡ የዓይን ቆቡ ከ10 ዓመት በፊትም ዝቅ ያለ እንደ ነበር፣ ወይም እንዳልነበረ፣ በግልጽ ይናገራሉ። የዓይን ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህንኑ ማስረጃ ይጠይቃሉ።

ቆቡ በዕድሜ ብዛት ቀስ በቀስ ቢወርድ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቆቡን የሚያነሣው ጡንቻ ጅማት መላላቱ ነው። ይህ በቀጠሮ የሚታይ እንጂ የሚያስሮጥ ጉዳይ አይደለም። ጠዋት ደኅና ሆኖ ወደ ማታ የሚወድቅ ቆብ ግን የተለየ ነው፤ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ የሚዳከምበት ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል በሽታ እንዲህ ይጀምራል። ከዚህ ጋር መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ በሽተኛው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ብሌንን በሚመለከት ከአምስት ሰዎች የአንዱ ያህል በተፈጥሮው እኩል አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ በብርሃንም ሆነ በደብዛዛ ቦታ ያው ነው። በጨለማ የሚጎላ ከሆነ ጥፋቱ ያለው መስፋት ባቃተው በትንሹ ብሌን ነው፤ በብርሃን የሚጎላ ከሆነ ደግሞ መጥበብ ባቃተው በትልቁ ነው። መሐንዲስ ይህን የመሰለ የመለያ ዘዴ መውደዱ አይቀርም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የሐኪም ሥራ ነው። አስተናግር የነካ እጅ ዓይንን ቢያሽ እንኳ አንዱ ብሌን ብቻ ሊሰፋ ይችላልና፣ በመስክ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ምን እንደ ነካ ማስታወስ ይገባዋል።

አንዱ ብሌን ጠቦ በዚያው ወገን ቆቡ ጥቂት ወረድ ቢል፣ ይህ የስዊስ የዓይን ሐኪም ሆርነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 የገለጸው ምልክት ሊሆን ይችላል። ለብሌኑ የተመደበው የነርቭ መሥመር ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ደረት ይወርድና የሳንባን ጫፍ አልፎ በአንገት ትልቁን የደም ሥር ተከትሎ ወደ ዓይን ይመለሳል። መብራቱ የደበዘዘው በሳሎን ቢሆንም ሽቦው የተበላሸው ከመንደሩ ወዲያ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ የዚህም መነሻ ሳንባ ወይም አንገት ሊሆን ይችላል። በድንገት ከአንገት ሕመም ጋር ከመጣ የደም ሥሩ ግድግዳ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። ቆቡ ወድቆ፣ ብሌኑ ሰፍቶ፣ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ዞሮ፣ ራስ ምታት ከተጨመረበት ደግሞ በአንጎል ሥር ያበጠ የደም ሥር ነርቩን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ከፈነዳ ሕይወት ያጠፋልና ሌሊትም ቢሆን ሊታደር አይገባም። የፊት ግማሽ ድንገት ሲረግብ፣ ክንድ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር «ብርድ መታው» እየተባለ ሰዓት የሚባክነውም እንዲሁ የሚያስቆጭ ነው።

አንዱ ዓይን ወደ ፊት ወጣ ብሎ ትልቅ የሚመስልበትም ጊዜ አለ። በአዋቂዎች ዘንድ የዚህ ዋናው ምክንያት ከታይሮይድ ዕጢ ጋር የተያያዘ የዓይን በሽታ ሲሆን፣ ሲጋራ ማጨስ ያባብሰዋል። በአዮዲን እጥረት ከሚመጣው እንቅርት ጋር ግን መምታታት የለበትም። ሐኪሞች በመለኪያ መሣሪያ ሲለኩ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካገኙ ምርመራውን ይቀጥላሉ። በቤት ውስጥ ግን ሰውየው ተቀምጦ ራሱን ጋለል ሲያደርግ ከበስተኋላው የቆመ ሰው በቅንድቦቹ አሻግሮ ወደ ታች ቢመለከት የወጣውን ዓይን ይለየዋል። ትኩሳትና ሕመም ያለበት፣ ቆቡ ያበጠ፣ እንደ ልብ የማይዞር ዓይን፣ በተለይም የሕፃን ከሆነ፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ለሥራ ቦታ ኃላፊዎች አንድ ነገር በተለይ ሊነገር ይገባል። በመሮ ላይ መዶሻ የሚያሳርፍ ወይም ብረት የሚሞርድ ሠራተኛ ዓይኑ ውስጥ ደቃቅ የብረት ፍንጣሪ ገብቶ ሕመሙ ቶሎ ሊበርድለት ይችላል። ብሌኑ ክብነቱን አጥቶ እንደ እንባ ዘለላ ወደ አንድ ወገን ከተሳበ ግን ዓይኑ ተበስቷል ማለት ነው። አይታሽ፣ አይታጠብ፣ አይጫኑት፤ ዓይኑን በማይነካ ጠንካራ ክዳን ሸፍኖ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። የመከላከያ መነጽር በመጋዘን ተቆልፎበት ሠራተኛው ዓይኑን የሚያጣበት የሥራ ቦታ ስለ ጥራት ቁጥጥር ሊያወራ አይችልም።

ሕፃን ከተወለደ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ዓይኑ የሚሸውር ወይም ቆቡ ብሌኑን የሚከድንበት ከሆነ «ሲያድግ ይለቀዋል» ማለት ብርሃኑን ማስቀረት ነው። አንጎል በዚያ ዓይን ማየትን ሳይማር ይቀራል፤ ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራው ደግሞ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። በፎቶግራፍ ላይ አንደኛው ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ በሬቲና ላይ የበቀለ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳምንት አይጠበቅም።

በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ሆነ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የቆዩ ፎቶግራፎቹን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና ለውጡ የታየበትን ቀን ይዞ ይሂድ። ሐኪሙ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሊጨምርበት ስለሚችል፣ ሲመለስ መኪናውን የሚነዳለት ሰው አብሮት ቢሄድ ይሻላል።