ቆዳው ምስክር አይደለም
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንደ ዐቅሜ የምነግራችሁ፣ በቆዳ የተለበዱ አሮጌ መጻሕፍትን የሚሰበስቡ ሰዎች የመጽሐፉን ዘመንና እትም ለይተው ስለሚያውቁበት መንገድ ነው። ለዚህ ያነሣሣኝ በዲላ ከተማ ያጋጠመኝ ነገር ስለ ሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

አንድ የቡና ነጋዴ ወዳጄ ከይርጋ ጨፌ አምጥቶ የሸጠውን የቡና ዋጋ በእጁ ይዞ ሳለ፣ አንድ መንገደኛ በማኅደር የተያዘ መጽሐፍ አሳየው። «አራት መቶ ዓመት የሆነው ተአምረ ማርያም ነው፤ የበላኤ ሰብእም ታሪክ አለበት» አለው። ወዳጄ ይህን ታሪክ በልጅነቱ፣ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ከአያቱ አፍ እየሰማ ማታ ደጅ ለመውጣት ይፈራ ነበርና ልቡ ተነካ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው፣ ለሚስቱና ለልጆቹ እንኳ ያልራራው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም ባጠጣው ጥርኝ ውሃ ነፍሱ በሚዛን ስትቆም የሚተርከውን ያልሰማ ከቶ ማን ነው? የፈረንጅ አገር ሰብሳቢዎች ስለ ደም መጣጭና ስለ ሙታን መንፈስ የተጻፉትን ልብ ወለዶች በቆዳ አስጠርዘው ያስቀምጣሉ። በእኛ አገር ግን እጅግ የሚያስፈራው ታሪክ የሚገኘው በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ወዳጄ የዓመት ድካሙን ከመስጠቱ በፊት ጠራኝ። እኔም በመጀመሪያ የነገርሁት፣ ቆዳው ምስክር አይደለም ብዬ ነው። ሐረግና መስቀል የተደጐሰበት ቆዳ፣ በውስጡም የእንጨት ገበታ፣ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ወጥቶ ሌላውን ሊያለብስ ይችላል። የጥንቱም መጽሐፍ ልባሱ ሲያረጅ በአዲስ ቆዳ ይጠረዛል። ስለዚህ ስፌቱን ማየት፣ ክሩ በገበታው ቀዳዳ ውስጥ በልክ መግባቱን፣ ወይም ከጎኑ ሥራ የፈታ ሌላ ቀዳዳ መኖሩን መመርመር ይገባል።

ከዚህ በኋላ ወደ ቃሉ ይገባል። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ትእዛዝ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ የተደረገ ነው። ነገር ግን የተአምራቱ ቍጥር በሁሉ ዘንድ እኩል አይደለም፤ በአንዱ ሠላሳ ያህል፣ በሌላው ከመቶ በላይ ይገኛል። ከዚህም ይልቅ የሚጠቅመው ምልክት፣ በየተአምሩ መጨረሻ ላይ ባለው ልመና ውስጥ የሚገባው የባለ መጽሐፉ ስም ነው። መጽሐፉ በተሸጠ ወይም በተሰረቀ ጊዜ ያ ስም ይፋቃል፤ በላዩም ሌላ ስም በሌላ ቀለም ይጻፋል። ፋቂው ግን ብዙ ጊዜ ይደክመውና አንዱን ቦታ ይረሳል።

በወረቀት የታተመውንስ መለየት ይቀላል ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ብዙ ሰው አሳስቷል። በአዲስ አበባ የታተመው መጽሐፍ በእኛ አቆጣጠር ሲጻፍ፣ በሮም ወይም በሎንዶን የታተመው በአውሮጳ አቆጣጠር ይጻፋልና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይገባበታል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ የዚህ ማተሚያ ቤት ስም ያለበት መጽሐፍ ከዚያ በፊት ታተመ ቢባል ሐሰት ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1908 በሮም ሲታተም ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የሚል ርእስ ያለበት ቅጂ የኋላ እትም ነው።

የተአምረ ማርያምም የሎንዶን እትሞች እንዲሁ ይለያያሉ። ዋሊስ በጅ በ1900 ለሌዲ ሚዩ ያሳተመው የግዕዙን ጽሑፍና ኅብረ ቀለማዊ ሥዕሎችን የያዘ፣ 300 ቅጂ ብቻ የወጣለት ነው፤ በ1923 የወጣው ግን መቶ ዐሥር ተአምራትን በእንግሊዝኛ ብቻ የያዘ ነው። ሁለቱን አንድ ነው ብሎ የሚገዛ ይከስራል። ወይዘሮዪቱ የብራና መጻሕፍቷን ለዐፄ ምኒልክ እንዲሰጡ ተናዝዛ ነበር፤ ኑዛዜው ሳይፈጸም ቀርቶ ለሌላ ተሸጡ። ይህን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ወደ ዲላው መጽሐፍ ልመለስ። ብራናው እውነተኛ፣ ጽሕፈቱም ያማረ ነበር። በአንድ ልመና ላይ ግን የዐፄ ምኒልክ ስም በመጀመሪያው ጸሐፊ እጅና ቀለም ተጽፎ አገኘን። እንግዲህ አራት መቶ ዓመት የተባለው ፈረሰ። የባሰው ነገር ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ስም በየገጹ መፋቁ ነበር። ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተን ስናይ «ደብረ» የሚለው ቃልና ከእርሱ ቀጥሎ «መ» የምትለው ፊደል ታየችን።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 እንዲህ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዝዛል። መንገደኛውን «ነገ ወደ ካህናቱ አብረን እንሂድ» አልነው፤ እርሱም እሺ ብሎ መጽሐፉን በማኅደሩ ከትቶ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም። ወዳጄ ገንዘቡን ቢያድንም፣ ምነው መጽሐፉን ይዘን ባስቀረነው እያለ እስከ ዛሬ ይጸጸታል፤ እኔም እንደ እርሱ ነኝ።

መጽሐፉ መካከለኛ ቁመት ያለው ነው፤ የበላኤ ሰብእ ታሪክ ባለበት ቅጠል ግርጌ የሻማ ሰም ነጠብጣብ አለበት፤ የኋላው ገበታም ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ስሙ «ደብረ መ» ብሎ የሚጀምር፣ ተአምረ ማርያምም የጠፋበት ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይህን ብትሰሙ፣ ምልክቱን ከመዝገባችሁ ጋር አስተያዩት።