የድሮው ፓናል እና አዲሱ ሴንሰር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የብረት ሳጥን ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ በውስጡ አንድ ሰሌዳና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይዞ ስለሚኖረው የአላርም ፓናል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ የበቆሎና የበርበሬ መጋዘን፣ ማደያ፣ የባንክ ቅርንጫፍ አለ። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ እንደተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ያለ ትልቅ ተቋም የጥበቃ መሣሪያውን ከመሠረቱ አዲስ አድርጎ መዘርጋት ይችላል። አሮጌ ፓናል ያለው ባለ መጋዘን ግን ቤቱን ባሰፋ ቁጥር ግድግዳ እየሰረሰረ ሽቦ መሳብ ይሰለቸውና ገመድ አልባ ሴንሰር ገዝቶ ይመጣል። ሴንሰሩና ፓናሉ አይተዋወቁም። ሻጩም «አሮጌውን ጣለው» ይለዋል። እኔ አትጣሉት ባይ ነኝ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መሣሪያ ምን እንደሚያሳልፍና ምን እንደሚያስቀር ሳታውቁ ግን አትነካኩት።

በሽቦ የሚሠራ ፓናል የሚያውቀው ጥቂት ነገር ነው። በእያንዳንዱ ዞን ሽቦ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልክና ጫፉ ላይ ያለውን ሬዚስተር ይለካል። የዲኤስሲ ፓናል በተለምዶ 5,600 ኦም፣ የሃኒዌል ቪስታ 2,000 ኦም፣ ፓራዶክስ ደግሞ 1,000 ኦም ይጠብቃል። ልኩን ካገኘ ዝም ይላል፤ ካጣ ይጮኻል። መስመሩን የከፈተው የበር ማግኔት ይሁን በሬዲዮ የታዘዘ ሪሌይ (መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ጉዳዩ አይደለም። ዕድሜው የረዘመውም ይህን ስለማይጠይቅ ነው። ስለዚህ የሴንሰሩን ምልክት የሚቀበል፣ ሪሌይ ያለው ሪሲቨር ገዝታችሁ ሪሌዩን ለፓናሉ በሚስማማው ሬዚስተር ከዞኑ ጋር ካያያዛችሁ፣ አሮጌው አዲሱን ይሰማል።

ችግሩ ከዚህ ግንኙነት በፊትና በኋላ ነው። በፊት ያለው ሞገድ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ሴንሰር ብዙ ጊዜ በ345 ወይም በ319.5 ሜጋሄርዝ ይሠራል፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው በ433 ወይም በ868። የሞገዱ ቁጥር ቢገጥም እንኳ የመልእክቱ አቀማመጥ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ አንዳንዱ የተመሰጠረ ነው። በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያነቡ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የሬዲዮ ሞገድንና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ በብዛት የሚያስመጣ ነጋዴ ፈቃዱን አስቀድሞ ይጠይቅ። ደግሞም የእኛ አገር መጋዘን ብዙ ጊዜ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ሬዲዮን ይመልሳል። ሪሲቨሩን በብረቱ ሳጥን ውስጥ የሚደብቅ ቴክኒሻን ደግሞ ሁለተኛ ግድግዳ ጨመረ ማለት ነው። አንቴናው ውጭ ይሁን።

በኋላ የሚመጣው ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ጥቂት ልቆይበት።

ሬዚስተሩ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሽቦው እንዳይቆረጥና እንዳይጠለፍ ለመጠበቅ ነበር። ሪሲቨሩ ከፓናሉ አጠገብ ሲተከል ግን የሚጠበቀው ሽቦ አንድ ክንድ ብቻ ይሆናል። የቀረው መንገድ አየር ነው። አየሩን የሚጠብቀው ሴንሰሩ ራሱ በየተወሰነ ሰዓት የሚልከው «አለሁ» የሚል ምልክት ነው፤ ባትሪው ሲደክምም የሚናገረው እሱ ነው። ሪሌይ ደግሞ ተከፍቷል ወይም ተዘግቷል ከማለት በቀር ቃል የለውም። ባትሪው ሞቶ ወር የሞላው ሴንሰር በፓናሉ ፊት የተዘጋ በር ይመስላል። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከማያቸው ጉድለቶች ሁሉ የማልታገሠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ያለ ሥጋት ይተኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚዘለለው ስለማይታይ ነው። ደህና ሪሲቨር ለብልሽት የተለየ መውጫ አለው። እሱን በትርፍ ዞን ላይ አስገቡት፤ ያ ዞን ቀንም ሌሊትም ይሥራ። ርካሹ ባለ 433 ሴንሰር ግን ብዙው «አለሁ» የሚል ምልክት ጭራሽ አይልክም፤ ኮዱም ስለማይለወጥ በቀላሉ ይቀዳል። ለበግ በረት ይበቃ ይሆናል፤ ለካዝና ክፍል አይበቃም።

የመብራት ጉዳይም አለ። ፓናሉና ተያያዦቹ 350 ሚሊአምፔር የሚወስዱ ከሆነ፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት 20 ሰዓት ያቆያል። 50 ሚሊአምፔር የሚወስድ ሪሲቨር ሲጨመር ወደ 17 ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ያውም ባትሪው አዲስ ከሆነ። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህን ሳያሰሉ መጨመር አይገባም።

ፓናሉ የሚደውልበትን ስልክም አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ የ3ጂ ኔትወርኩን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ በዚያ ኔትወርክ ይደውሉ የነበሩ የአላርም መሣሪያዎች ካልተቀየሩ በቀር መደወል አቆሙ። ሴንሰሩም ፓናሉም ደህና ነበሩ። እዚህም በመስመር ስልክ የሚደውል ፓናል ያላችሁ፣ ያ መስመር ዛሬ መሥራቱን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ሥራውን ስትረከቡ እንዲህ አድርጉ። ቴክኒሻኑ በር እየከፈተ ሳይረኑን ያስጮህላችኋል፤ ያ ያስደስታል፣ ግን ግማሹ ነው። ከሴንሰሮቹ የአንዱን ባትሪ አስነቅሉና ሪሲቨሩ የሴንሰሩን መጥፋት እስኪያውቅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከመመሪያው አንብቡ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ፓናሉ ብልሽት ካሳየ ቀሪውን ክፍያ ስጡት፤ ዝም ካለ መልሳችሁ ጥሩት።